በቡድን ወይስ በግል? ተማሪዎች የፕሮጀክት አሠራራቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ የሚያግዝ መመሪያ

የክፍል ፕሮጀክት በተሰጠ ቁጥር መምህራን ከሁለት ወገን ቅሬታ ይሰማሉ። አንዱ ተማሪ «ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማርኩን ግን አምስታችንም እኩል ወሰድን» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ብቻዬን ስለሆንኩ የማማክረው ሰው አጥቼ ግማሽ ላይ ቀረሁ» ይላል። የአሠራሩን ምርጫ ለተማሪው መተው ሁለቱንም ቅሬታ ሊያቃልል ይችላል። ይሁን እንጂ ምርጫው «የፈለገ በቡድን፣ የፈለገ በግሉ ይሥራ» ከሚል ማስታወቂያ ካላለፈ የሚሆነው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ጎበዝ የሚባሉት ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ጓደኛሞች ይሰባሰባሉ፣ ማንም ያልጠራቸው ደግሞ በመጨረሻ «የተረፉት ቡድን» ሆነው ይቀመጣሉ።

ይህ መመሪያ የሚነሳው ከአንድ አቋም ነው። ምርጫ ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም መንገዶች በሥራ ጫናም ሆነ በማርክ አሰጣጥ እኩል ሲሆኑ ነው፤ አንዱ መንገድ ቀለል ካለ ተማሪው የሚመርጠው የአሠራር ዘዴን ሳይሆን እረፍትን ነው። ስለዚህም ከሚከተሉት ዘጠኝ ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሚከናወኑት ተማሪዎች ስለ ምርጫው ከመስማታቸው በፊት ነው።

ደረጃ 1፦ ፕሮጀክቱ ለምርጫ የሚሆን መሆኑን ማረጋገጥ

ሁሉም ፕሮጀክት ለምርጫ አይቀርብም። የትምህርቱ ዓላማ ራሱ አብሮ መሥራት ከሆነ፣ ለምሳሌ ተማሪዎች ክርክር እንዲያካሂዱ ወይም ኃላፊነት ተከፋፍለው የክፍል ጋዜጣ እንዲያዘጋጁ ከተፈለገ፣ በግል የመሥራት አማራጭ ዓላማውን ያፈርሰዋል። በሌላ በኩል የእያንዳንዱን ተማሪ የድርሰት አጻጻፍ ወይም የስሌት ችሎታ መለካት ከተፈለገ፣ የቡድን ሥራ ማን ምን እንደሚችል ይሸፍናል። ለምርጫ የሚመቹት በእነዚህ መካከል ያሉት ናቸው፦ ሙከራ፣ በመጠይቅ የሚሠራ አነስተኛ ጥናት፣ ሞዴል መሥራት፣ መረጃ አሰባስቦ ገለጻ ማቅረብ።

ለመወሰን የሚረዳው ቀላሉ ዘዴ የፕሮጀክቱን ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «በቡድን» ወይም «በግል» የሚለውን ቃል ሳይጠቀም ከተሟላ ፕሮጀክቱን ለምርጫ ክፍት ያድርጉት፤ ያለ ቃሉ የሚጎድል ከሆነ ግን አሠራሩን እርስዎ ይወስኑና ምክንያቱን ለክፍሉ ይንገሩ። ተማሪዎች አንዳንዱ ፕሮጀክት ክፍት፣ አንዳንዱ ዝግ የሆነው ለምን እንደሆነ ካወቁ «ባለፈው አስመርጠውን ነበር እኮ» የሚለው ሙግት በአብዛኛው አይነሳም።

ደረጃ 2፦ የሁለቱን መንገዶች የሥራ ጫና ማመጣጠን

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው። ለሦስት ሰው የታሰበ ሥራ ለአንድ ሰው እንዳለ ሲሰጥ በግል መሥራት ቅጣት ይሆናል፤ ለአንድ ሰው የታሰበ ሥራ ለሦስት ሲሰጥ ደግሞ ሁለቱ ስማቸውን አስጽፈው ይቀመጣሉ። መፍትሔው ጥያቄውንና የጥራት ደረጃውን አንድ አድርጎ፣ ስፋቱን ብቻ እንደ ሰው ቁጥር መለዋወጥ ነው።

ስለ ዕፅዋት ዕድገት የሚሠራ የሳይንስ ፕሮጀክትን እንመልከት። የጋራው ጥያቄ «የአካባቢ ሁኔታ የባቄላ ችግኝን ዕድገት እንዴት ይለውጠዋል?» የሚል ነው እንበል። በግሉ የሚሠራ ተማሪ አንድ ሁኔታ ብቻ፣ ለምሳሌ ብርሃንን ይመርጣል፤ 5 ችግኞችን ብርሃን ባለበት፣ 5 ችግኞችን ደግሞ ጥላ በሆነ ቦታ አስቀምጦ ለ14 ቀናት ቁመታቸውን በየሁለት ቀኑ ይለካል፤ ከዚያም አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ግራፍና የሁለት ገጽ ማብራሪያ ያስረክባል። ሦስት አባላት ያሉት ቡድን ደግሞ ሦስት ሁኔታዎችን ይይዛል፦ አንዱ ብርሃንን፣ አንዱ የውሃ መጠንን፣ አንዱ የአፈር ዓይነትን። እያንዳንዱ አባል የራሱን 10 ችግኞች ይንከባከባል፣ የራሱን ሠንጠረዥና ግራፍ ይሠራል፤ ቡድኑ ደግሞ ሦስቱን ውጤቶች አነጻጽሮ «ከሦስቱ ይበልጥ ተጽዕኖ ያሳደረው የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ የጋራ መልስ ይጽፋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የቡድኑ አባል በመለካትና በመመዝገብ የሚያጠፋው ጊዜ በግሉ ከሚሠራው ጋር ተመሳሳይ መሆኑ ነው። በግሉ የሚሠራው የማብራሪያውን ሸክም ብቻውን ይሸከማል፤ የቡድኑ አባል በፋንታው የመመካከርና የመስማማት ሸክም አለበት።

ከአሠራሩ በተጨማሪ ርዕስም የሚያስመርጡ ከሆነ የርዕሱን ቁጥር ይገድቡ። ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለተጨማሪ ማርክ በፈቃደኝነት ድርሰት እንዲጽፉ ከተጋበዙ የኮሌጅ ተማሪዎች መካከል 6 ርዕሶች የቀረቡላቸው 74 በመቶ ያህሉ ድርሰቱን ጽፈው ሲያስረክቡ፣ 30 ርዕሶች የቀረቡላቸው ግን ያስረከቡት 60 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ሁለት የአሠራር መንገድና አምስት ወይም ስድስት ርዕስ ለአንድ ክፍል ከበቂ በላይ ነው።

ደረጃ 3፦ የቡድኑን መጠን መወሰን

ምርጫው ቡድን መግባትን እንጂ የቡድኑን መጠን አይጨምርም፤ መጠኑን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች በጋራ ሲስቡ የሰው ቁጥር በጨመረ መጠን የአንዱ ሰው ድርሻ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ስምንት ሰዎች አብረው ሲስቡ እያንዳንዳቸው ያዋጡት ጉልበት ብቻቸውን ቢሆኑ ከሚያዋጡት ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ጉልበት ነክ ሙከራ ከፕሮጀክት ጋር ሙሉ በሙሉ እንደማይመሳሰል ግልጽ ነው፤ ሆኖም የስድስትና የሰባት ተማሪ ቡድን ያየ መምህር ነገሩን አያጣውም።

ሌላው ምክንያት የመስማማት ጣጣ ነው። በሦስት ሰው ቡድን ውስጥ 3 የሁለትዮሽ ግንኙነቶች አሉ፤ በአራት ሰው 6፣ በስድስት ሰው ግን 15 ይሆናሉ። ቀጠሮ ማስያዝ ብቻውን ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሦስት ሰው ጥሩ መነሻ ሲሆን አራት ጣሪያው ይሁን። የሁለት ሰው ቡድን የሚፈቀደው አንዱ ቢቀር ሌላው ሥራውን ብቻውን ሊጨርሰው በሚችልበት ፕሮጀክት ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ የማርክ አሰጣጡን አስቀድሞ መጻፍ

ተማሪው ሲመርጥ በልቡ የሚያሰላው ማርኩን ነው፤ ስለዚህ የማረሚያ መስፈርቱ ከምርጫው በፊት በእጁ መግባት አለበት። ለሁለቱም መንገዶች አንድ ዓይነት አከፋፈል ይጠቀሙ። ከ100 የሚታረም ፕሮጀክት ቢሆን፣ ለተጠናቀቀው ሥራ 50፣ ተማሪው በየጊዜው ለያዘው የሥራ መዝገብና ለራሱ ድርሻ 30፣ ለቃል ጥያቄ 20 ሊሰጥ ይችላል። በቡድን ሥራ የመጀመሪያው 50 ብቻ የጋራ ሲሆን ቀሪው 50 የእያንዳንዱ ነው፤ በግል ሥራ ሁሉም የአንድ ሰው ይሆናል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ቡድን ለጋራ ሥራው 40 አገኘ እንበል። በመዝገቧ 27፣ በቃል ጥያቄ 18 ያገኘች አባል በድምሩ 85 ይኖራታል፤ በመዝገቡ 15፣ በቃል ጥያቄ 9 ያገኘ የዚያው ቡድን አባል ግን 64 ይኖረዋል። አንድ ዓይነት ሥራ ያስረከቡ ሁለት ተማሪዎች በ21 ማርክ ይለያያሉ ማለት ነው። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት፣ ስም ብቻ አስጽፎ ማርክ ለመውሰድ ያሰበን ተማሪ ከማንኛውም ምክር ይበልጥ ያስጠነቅቃል፤ ጎበዙንም «ሌሎች ይጎትቱኛል» ከሚል ሥጋት በመጠኑ ያሳርፈዋል።

የቃል ጥያቄው ረጅም መሆን የለበትም። ለአንድ ተማሪ ሦስት ደቂቃና ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ አንዱ ጥያቄ ስለ ራሱ ድርሻ፣ ሌላው ደግሞ ጓደኛው ስለሠራው ክፍል ይሁን። ሁለተኛው ጥያቄ አባላቱ ሥራውን ቆራርጠው ለየብቻ ሠርተው በመጨረሻው ቀን እንዳይሰፉት ያደርጋል። በግሉ ለሚሠራው ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አማራጭ ሊሆን ይችላል፦ «ሌላ ዘዴ ብትጠቀም ኖሮ ውጤቱ ምን ይመስል ነበር?»

ደረጃ 5፦ ምርጫውን በጽሑፍ መቀበል

እጅ አስነስቶ ማስመረጥ ፈጽሞ አይመከርም። እጅ ሲነሳ ተማሪው ሰሌዳውን ሳይሆን ጓደኛውን ያያል፤ በግሉ መሥራት የፈለገው ኩሩ እንዳይባል፣ በቡድን መሥራት የፈለገው ደግሞ ተፈላጊ አለመሆኑ እንዳይታይበት ይፈራል። ፕሮጀክቱንና የማረሚያ መስፈርቱን በአንድ ቀን ያስተዋውቁ፤ ምርጫውን ግን ቢያንስ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዝግ ወረቀት ይቀበሉ። ቅጹ ከግማሽ ገጽ ሳይበልጥ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሊይዝ ይችላል፦

«ይህን ፕሮጀክት በምን መንገድ መሥራት ትፈልጋለህ/ትፈልጊያለሽ? ለዚህ ፕሮጀክት ይህን መንገድ የመረጥክበትን/የመረጥሽበትን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጽ/ግለጪ። ከሥራው ይከብደኛል የምትለው/የምትዪው የትኛው ክፍል ነው? ከክፍለ ጊዜ ውጭ ለመገናኘት የሚመቹህ/የሚመቹሽ ቀናት የትኞቹ ናቸው? አብሬው ብሠራ ይቸግረኛል የምትለው/የምትዪው ሰው ካለ ጻፍ/ጻፊ፤ ይህን መልስ የሚያየው መምህሩ ብቻ ነው።»

ከእነዚህ ውስጥ ዋናው ሁለተኛው ነው። «ጓደኞቼ ስላሉ» ወይም «ሰው ስለማልወድ» የሚል መልስ ስለ ፕሮጀክቱ ምንም አይናገርም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገኝ ምርጫውን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ወረቀቱን መልሶ «ከዚህ ፕሮጀክት ጋር የሚያያዝ ምክንያት ጨምር» ማለት በቂ ነው። በአንጻሩ «መጠይቁን ብዙ ሰው ማስሞላት ስላለብን» ወይም «ከትምህርት በኋላ ታናናሾቼን ስለምጠብቅ መገናኘት ስለማልችል» የሚለው መልስ ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ነው። በክፍል ውስጥ ሲታዩ የማይሳተፉ የሚመስሉ ተማሪዎች ቅጹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስገርም ግልጽነት ያሳያሉ።

ደረጃ 6፦ ቡድኖቹን ማዋቀር

በቡድን መሥራት የመረጡትን ወረቀቶች ብቻ ለይተው ያስቀምጡ። መጀመሪያ የመገናኛ ቀናቸው የሚገጥመውን ያቀራርቡ፤ ቀጥሎ «ይከብደኛል» ያሉት ክፍል የተለያየ እንዲሆን ያድርጉ፤ በመጨረሻም አብረው መሥራት የማይችሉትን ይለዩ። ተማሪው አንድ የሚፈልገውን ጓደኛ እንዲጠቁም መፍቀድ ይቻላል፤ ሙሉ ቡድኑን እንዲመሠርት መፍቀድ ግን ከላይ የተጠቀሰውን «የተረፉት ቡድን» መልሶ ያመጣዋል። ዝርዝሩ የሚነበበው ሁሉም ስም ቦታ ካገኘ በኋላ ነው።

ቡድን የመረጠ አንድ ተማሪ ብቻ ሲተርፍ ወደ አንድ የሦስት ሰው ቡድን ይጨመራል እንጂ በግል እንዲሠራ አይገደድም። መርጦ የተነፈገ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ቅጹን ከልቡ አይሞላም።

ደረጃ 7፦ ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ መከታተል

ቡድኖች በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድ ገጽ የሥራ ክፍፍል ጽፈው ይፈርሙ፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚያደርስ፣ አንድ አባል ቢቀር ምን እንደሚደረግ ይገለጽበት። በግል የሚሠሩትም የራሳቸውን የጊዜ ሰሌዳ በዚያው ቀን ያስረክባሉ።

በግል የሚሠሩ ተማሪዎች ብቻቸውን ይተዉ ማለት አይደለም። ቡድኑ በውይይት የሚያገኘውን እርማት እነሱ ከየትም አያገኙም፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርገው «የረቂቅ አንባቢ» ይመድቡላቸው። በሥራው አጋማሽ ላይ አንዱ የሌላውን ረቂቅ አንብቦ ያልገባውን ሁለት ቦታና የወደደውን አንድ ቦታ ይጽፍለታል። ሥራው የግል እንደሆነ ይቀጥላል፤ አንባቢው ማርክ አይጋራም።

በክፍሉ ውስጥ መቀመጫውንም ያስቡበት። ቡድኖች ሲነጋገሩ ጩኸት ይኖራል፤ በግል የሚሠሩት ከአንድ ወገን ቢቀመጡ ይመረጣል፣ ነገር ግን ጥግ የተወረወሩ እንዳይመስሉ የረቂቅ አንባቢያቸው አጠገባቸው ይሁን። መምህሩ ሲዘዋወር ደግሞ ጩኸት ወዳለበት ብቻ የመሳብ ዝንባሌ አለ፤ ዝም ያለው ተማሪ የገባው ላይሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ግማሾቹን የግል ሠራተኞች የሥራ መዝገብ አይቶ ፊርማ ማኖር ይህን ያስተካክለዋል።

የእርማት ጫና እዚህ ላይ በግልጽ ሊነሳ ይገባል፤ ብዙ መምህራን ምርጫ የማይሰጡበት እውነተኛው ምክንያት እሱ ነውና። 48 ተማሪዎች ያሉት ክፍል ሁሉም በሦስት በሦስት ቢመደቡ 16 ሥራዎች ይቀርባሉ። ግማሾቹ በግል ቢመርጡ ግን 24 የግልና 8 የቡድን፣ በድምሩ 32 ሥራ ይሆናል፤ ለአንዱ 10 ደቂቃ ቢፈጅ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የነበረው እርማት 5 ሰዓት ከ20 ይሆናል ማለት ነው። በዕጣ «በግል የሚሠሩት ከዐሥር አይበልጡም» ማለት ችግሩን ያቀለዋል፤ ነገር ግን ምርጫውን ምርጫ አያሰኘውም። የተሻለው የግል ሥራውን ገጽ በጥብቅ መገደብ፣ ለሠንጠረዥና ለግራፍ የተዘጋጀ አንድ ዓይነት ቅጽ መስጠትና የማስረከቢያውን ቀን ከፍሎ የግል ሥራዎችን ከቡድኖቹ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በፊት መቀበል ነው። የቃል ጥያቄውም በሥራው ወቅት በክፍል ውስጥ ሊጠናቀቅ ይችላል።

ደረጃ 8፦ መንገድ መቀየርን ማስተናገድ

ተማሪ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ቡድንም ይጣላል። አንድ የመቀየሪያ ቀን ብቻ ይወስኑ፤ ፕሮጀክቱ አንድ ወር የሚፈጅ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ላይ ቢሆን ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ተማሪ አጭር ምክንያት ጽፎ ከግል ወደ ቡድን፣ ወይም ከቡድን ወደ ግል መዛወር ይችላል። ከቀኑ በኋላ የሚደረግ ዝውውር ለሕመም፣ ለረጅም ጊዜ መቅረትና አንድን ተማሪ ለሚጎዳ ጠብ ብቻ የተተወ ይሁን።

ቡድን ሲፈርስ «መረጃው የማን ነው?» የሚለው ክርክር ይከተላል። ደንቡ አስቀድሞ ይነገር፦ እስከዚያ ቀን በጋራ የተሰበሰበውን መረጃ ሁሉም የቀድሞ አባላት ይጠቀሙበታል፣ ምንጩንም በሥራቸው ላይ ይገልጻሉ፤ ትንታኔውንና ጽሑፉን ግን እያንዳንዱ ከአዲስ ይጀምራል። ሥራውን ያልሠራ አባል ቅሬታ ሲቀርብበት መጀመሪያ የሚታየው የተፈረመው የሥራ ክፍፍልና የየራሳቸው መዝገብ ነው። ያለ መዝገብ የሚቀርብ ክስ በጓደኝነትና በኩርፊያ የመመዘን አደጋ አለው።

ደረጃ 9፦ ምርጫውን መዝግቦ ለቀጣዩ ማዋል

ሥራው ከተረከበ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ «የመረጥኩት መንገድ በየትኛው የሥራው ክፍል ጠቀመኝ? በየትኛው ጎዳኝ?» ለሚሉ ሁለት ጥያቄዎች አጭር መልስ ይጻፍ። መልሱ ማርክ የለውም፤ ማርክ ሲኖረው ተማሪው መምህሩ ይወደዋል ብሎ የሚያስበውን ይጽፋል።

ከዚያም ለክፍሉ አንድ ሠንጠረዥ ይክፈቱ። በዓምዶቹ ላይ የተማሪው ስም፣ የመረጠው መንገድ፣ ምክንያቱ በአጭሩ፣ የጋራና የግል ማርኩ፣ መንገድ ቀይሮ እንደሆነም ይመዝገብ። ሁልጊዜ በግል የሚመርጥ ተማሪ ሠንጠረዡ ላይ ወዲያው ይታያል፤ በዓመቱ ውስጥ ለምርጫ ክፍት ከሆኑት ፕሮጀክቶች ቢያንስ አንዱን በቡድን፣ አንዱን ደግሞ በግል መሥራት ግዴታ መሆኑን ገና በዓመቱ መጀመሪያ ማስታወቅ ይህን ያለ ጭቅጭቅ ይፈታዋል። በሰው ፊት መናገር ወይም ከእኩዮቹ ጋር መቀመጥ በእርግጥ የሚያስጨንቀው ተማሪ ሲኖር፣ ግዴታው ወደ ሁለት ሰው ቡድን ዝቅ ሊልና ጓደኛውን ራሱ እንዲመርጥ ሊፈቀድለት ይችላል። ሁልጊዜ ቡድን የሚመርጥና የጋራ ማርኩ ከግል ማርኩ እጅግ የሚበልጥ ተማሪ ሲገኝ ደግሞ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ለብቻው ጠርቶ ሠንጠረዡን ማሳየትና ከሥራው የሚከብደው የትኛው ክፍል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።